ስታይልሺትን አንድ ጊዜ ኮምፓይል አድርጎ ደጋግሞ መሥራት፦ ለብራና መጻሕፍት ካታሎግ አዘጋጆች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጎጃም አድባራትና ገዳማት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን መግለጫ በኤክስኤምኤል (መረጃን በስም ምልክቶች ከፍሎ በሚይዝ የፋይል ዓይነት) መዝግበው፣ ያንኑ መግለጫ በኤክስኤስኤልቲ ስታይልሺት (ሰነዱ እንዴት እንደሚለወጥ በሚያዝ ፋይል) ወደ ድረ ገጽ፣ ወደ ማተሚያ ገጽና ወደ ፍለጋ ማውጫ ለሚለውጡ ባለሙያዎች ነው። የዲማ ጊዮርጊስ፣ የመርጡለ ማርያም ወይም የደብረ ወርቅ ማርያም መጻሕፍት መግለጫ አንድ በአንድ ሲለወጥ ምንም ችግር አይታይም። ነገር ግን ካታሎጉ አድጎ ፋይሎቹ በሺህ ሲቆጠሩና አንዲት የቅርጽ ማስተካከያ በተደረገች ቁጥር ገጾቹ ሁሉ እንደ አዲስ መውጣት ሲኖርባቸው፣ ሥራው ግማሽ ቀን ሊወስድ፣ በመካከሉም መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ሊጀመር ይችላል። የዚህ መዘግየት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የሰነዶቹ ብዛት ሳይሆን፣ ያው አንድ ስታይልሺት ለእያንዳንዱ ሰነድ እንደ አዲስ እየተነበበና ለሥራ እየተዘጋጀ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የትዕዛዞች፣ የክላሶችና የአማራጮች ስም እንደ ንባቡ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል፤ በኮምፒውተር ላይ የሚተየበው ግን በተለመደው የላቲን አጻጻፉ ነው። ምሳሌዎቹ በቲኢአይ፣ ማለትም ጽሑፎችን በኤክስኤምኤል ለመመዝገብ በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ የተመዘገበ የብራና መግለጫን ታሳቢ ያደርጋሉ። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች ፕሮጀክትም መግለጫዎቹን የሚይዘው በዚሁ ደንብ ስለሆነ፣ በአገራችን ይህን ሥራ የሚጀምሩ ብዙዎች የሚያገኙት ፋይል ይህን የመሰለ ነው። አሠራሩ ግን ለደረሰኝም ሆነ ለተማሪ ውጤት፣ ለማንኛውም የኤክስኤምኤል ሰነድ ያው ነው።

ኮምፓይል ሲደረግ ምን ይሠራል?

ስታይልሺት ራሱ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ስታይልሺቱን የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ከዚህ በኋላ ፕሮሰሰር የምንለው፣ መጀመሪያ ፋይሉን ያነባል፤ «ኢንክሉድ» እና «ኢምፖርት» የተደረጉትን ተጨማሪ ፋይሎችም ተከትሎ ይከፍታል። ቀጥሎ በ«ማች» እና በ«ሰሌክት» ውስጥ የተጻፉትን የኤክስፓዝ አገላለጾች (የሰነዱን ክፍሎች የሚያመለክቱ አድራሻዎች) ይተነትናል፣ ተለዋዋጮችንና ፈንክሽኖችን ከትርጓሜያቸው ጋር ያገናኛል፣ ለእያንዳንዱ ኤለመንት (ስም ለተሰጠው የሰነዱ ክፍል) የትኛው ቴምፕሌት (ለዚያ ክፍል የተጻፈ የለውጥ ትዕዛዝ) እንደሚቀድም የሚወስን ሰንጠረዥ ያዘጋጃል፣ ሊቃለል የሚችለውን ስሌት ያቃልላል። የዚህ ሁሉ ውጤት በሜሞሪ ውስጥ የሚቀመጥ ዝግጁ ፕሮግራም ነው፤ አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ከዚህ አልፈው ወደ ጃቫ ባይትኮድ ይለውጡታል። ሰነዱን ማንበብ፣ ለውጡን ማስፈጸምና ውጤቱን መጻፍ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ዝግጅት በሚለወጠው ሰነድ ይዘት ላይ ፈጽሞ አይመሠረትም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተሠራ ለሚቀጥሉት ሰነዶች ሁሉ ያገለግላል፤ ለእንጀራ የሚሆነውን ጤፍ በጋገሩ ቁጥር ወደ ወፍጮ ቤት ከመሄድ አስፈጭቶ ማስቀመጥ እንደሚሻለው ማለት ነው። ዝግጅቱን የማቆያው መንገድ ሦስት ነው፦ በአንድ የፕሮግራም ሩጫ ውስጥ ብዙ ሰነዶችን ማሳለፍ፣ በሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ ይዞ መቆየት፣ ወይም በዲስክ ላይ በፋይል ማስቀመጥ። ብዙ ሰው «ኮምፓይል» ሲባል ወደ ሦስተኛው ይሮጣል። በእኔ እምነት ግን ለካታሎግ ሥራ አብዛኛውን ጥቅም የሚሰጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ወጪም ተጨማሪ ፋይልም አይጠይቁም።

ከሁሉ በፊት ጊዜው የት እንደሚሄድ ይለኩ

ጊዜ በአምስት ቦታ ይጠፋል፦ ፕሮግራሙን በማስነሣት፣ ስታይልሺቱን በማዘጋጀት፣ ሰነዱን በማንበብ፣ ለውጡን በማስፈጸምና ውጤቱን ዲስክ ላይ በመጻፍ። ኮምፓይል የተደረገውን ማቆየት የሚያስቀረው ሁለተኛውን ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ የመጀመሪያውንም ይቀንሳል። የቀሩትን ሦስቱን አይነካም። ስለዚህ ለውጥ ከመጀመርዎ በፊት የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚወስድ በቁጥር ይወቁ።

ሳክሰን የተባለውን የጃቫ ፕሮሰሰር የሚጠቀሙ ከሆነ በትዕዛዙ ላይ ሰረዝ አድርገው «ቲ» የሚለውን ፊደል ይጨምሩ፤ ስታይልሺቱ ኮምፓይል የተደረገበትን፣ የሰነዱ ዛፍ የተገነባበትንና ለውጡ የተፈጸመበትን ጊዜ ለየብቻ ያትምልዎታል። በሊኑክስ ላይ ኤክስኤስኤልቲፕሮክ የሚባለውን ትዕዛዝ ለሚጠቀሙ ደግሞ «ታይሚንግ» የሚለው አማራጭ ተመሳሳይ ዝርዝር ይሰጣል፤ «ፕሮፋይል» የሚለው ደግሞ እያንዳንዱ ቴምፕሌት ስንት ጊዜ እንደተጠራና ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ በሰንጠረዥ ያወጣል።

በጃቫ ላይ ሲለኩ የመጀመሪያውን ውጤት አይመኑ። ጃቫ ደጋግሞ የሚጠራውን ኮድ እየሠራ ሳለ ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚለውጠው፣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሁልጊዜ ከኋለኞቹ የዘገዩ ናቸው። ሳክሰን ለዚህ «ሪፒት» የሚል አማራጭ ስላለው ያንኑ ለውጥ በተፈለገው ቁጥር ደጋግሞ አማካዩን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያው ዙር ጊዜም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ፕሮግራሙን ለእያንዳንዱ ፋይል ከአዲስ የሚያስነሣ ሰው ሁልጊዜ የሚከፍለው ያንን የመጀመሪያውን ዙር ነው።

ሲለኩ ሰነዱን የማንበቢያው ጊዜ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ካገኙት የሰነዱን አናት ይመልከቱ። በዚያ የ«ዶክታይፕ» መስመር ካለና እርሱ የሚጠቅሰው ዲቲዲ (የሰነዱን አወቃቀር የሚደነግግ ፋይል) አድራሻው በኢንተርኔት ላይ ከሆነ፣ ፓርሰሩ (ሰነዱን የሚያነበው ክፍል) ሰነድ በከፈተ ቁጥር ያንን ፋይል ለማምጣት ወደ ውጭ ይወጣል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ፣ ሞጣም ይሁን ቢቸና፣ አንድ ፋይል ብቻውን ደቂቃ ሊያስቆም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም አቀፉ የድር ደንብ አውጪ ድርጅት፣ ደብልዩ ሦስት ሲ፣ ሰርቨሮችም በእንዲህ ዓይነት ተደጋጋሚ ጥያቄ ስለተጨናነቁ ምላሹን ሆን ብለው ያዘገያሉ፤ ስለዚህ ፈጣን መስመር ያለውም ሰው ከዚህ አያመልጥም። መድኃኒቱ ዲቲዲውን አንድ ጊዜ አውርዶ በኮምፒውተሩ ላይ ማስቀመጥና «ኤክስኤምኤል ካታሎግ» በሚባል ፋይል (የብራናው ካታሎግ ሳይሆን የኢንተርኔት አድራሻን በኮምፒውተሩ ላይ ካለ ፋይል ጋር በሚያያይዝ ዝርዝር) አድራሻውን ወደዚያ ማዞር ነው። በኤክስኤስኤልቲፕሮክ «ኖኔት» የሚለው አማራጭ ወደ ኔትወርክ መውጣትን ይከለክላል፤ «ኖቫሊድ» የሚለው ደግሞ ዲቲዲውን ጨርሶ እንዳይከፍት ያደርጋል። ኋለኛውን ሲጠቀሙ ግን በዲቲዲው ውስጥ የተተረጎሙ ኢንቲቲዎችና በነባሪነት የሚሞሉ አትሪቢዩቶች እንደማይገኙ አይዘንጉ።

በአንድ ሩጫ ብዙ ሰነድ ማሳለፍ

የተለመደው የአጀማመር ስልት በተርሚናል ላይ ሉፕ (ትዕዛዝን ደጋግሞ የሚያስኬድ ኮድ) ጽፎ ለእያንዳንዱ ፋይል ፕሮሰሰሩን መጥራት ነው። የማስነሻውና የኮምፓይሉ ጊዜ ተደምሮ 2 ሰከንድ ነው ብለን ብናስብ፣ 3,000 መግለጫ ላለው ካታሎግ 6,000 ሰከንድ፣ ማለትም 100 ደቂቃ፣ ገና አንድም ለውጥ ሳይሠራ ይጠፋል። ይህን ሉፕ ማስወገድ በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት እርምጃዎች ሁሉ ቀላሉና ጥቅሙ ፈጥኖ የሚታየው ነው።

በሳክሰን የምንጩን አማራጭ በፋይል ፈንታ ወደ ማኅደር ያመልክቱ፤ የውጤቱንም አማራጭ አስቀድሞ ወደ ተፈጠረ ሌላ ማኅደር ያመልክቱ። ፕሮሰሰሩ ስታይልሺቱን አንድ ጊዜ ኮምፓይል አድርጎ በማኅደሩ ውስጥ ያሉትን ሰነዶች በየተራ ይለውጣል፤ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም።

ኤክስኤስኤልቲፕሮክም ከአንድ ስታይልሺት ቀጥሎ ብዙ የሰነድ ስሞችን በአንድ መስመር ይቀበላል፤ ነገር ግን ውጤቶቹን ሁሉ ተከታትለው በአንድ ፍሰት ስለሚያወጣቸው፣ ለእያንዳንዱ ብራና የተለየ ገጽ ለሚፈልግ ካታሎግ እንዳለ አይመችም። በዚህ ጊዜ የተሻለው መንገድ ኤክስኤስኤልቲፕሮክ የሚሠራበትን ላይብረሪ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጥራት ነው። «ኤልኤክስኤምኤል» ከሚባለው ላይብረሪ «ኢትሪ» የተባለውን ሞጁል ያስገቡ፤ ስታይልሺቱን በ«ፓርስ» አንብበው ለ«ኤክስኤስኤልቲ» ክላስ ይስጡ፤ የሚመለሰውን ኦብጀክት በአንድ ተለዋዋጭ ያኑሩ። ከዚያ በኋላ ፋይሎቹን በፎር ሉፕ እየከፈቱ ያንኑ ተለዋዋጭ እንደ ፈንክሽን ይጥሩት። ዋናው ነገር ኦብጀክቱ የሚፈጠርበት መስመር ከሉፑ በላይ መሆኑ ነው። ያ መስመር በስህተት በአራት ክፍት ቦታ ወደ ውስጥ ገብቶ የሉፑ አካል ከሆነ ፕሮግራሙ ትክክለኛ ውጤት መስጠቱን ይቀጥላል፤ ስታይልሺቱ ግን ለእያንዳንዱ ፋይል እንደ አዲስ ይዘጋጃል፤ የሚነግርዎትም የስህተት መልእክት የለም።

ይህ ላይብረሪ የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን የኤክስኤስኤልቲ 1.0 ደንብ ብቻ ነው። በ2007 የወጣውን 2.0 ወይም በ2017 የወጣውን 3.0 የሚጠቀም ስታይልሺት ሳክሰን ያስፈልገዋል። ከአንዱ ፕሮሰሰር ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚያጋጥም አንድ እንቅፋት ደግሞ የግዕዝ ፊደልን የሚነካ ነው። በመጀመሪያዎቹ የኤክስኤምኤል 1.0 እትሞች በኤለመንት ስም ውስጥ የሚፈቀዱት ፊደላት በዩኒኮድ 2.0 የነበሩት ብቻ ስለሆኑና የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ3.0 ስለሆነ፣ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ኤለመንት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አምስተኛው እትም ነው። የቆየውን ደንብ የሚከተሉ ፓርሰሮች እንዲህ ያለውን ሰነድ ገና ሲከፍቱት አይቀበሉትም። ጽሑፉና የአትሪቢዩቱ ዋጋ በግዕዝ ፊደል መሆኑ ምንም ችግር የለውም፤ የኤለመንቶቹን ስም ግን በላቲን ማቆየት ይሻላል።

በጃቫ ሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ ይዞ መቆየት

ካታሎጉ አስቀድሞ በተዘጋጀ ገጽ ሳይሆን ጎብኚ በጠየቀ ጊዜ የሚለወጥ ከሆነ ዝግጁው ስታይልሺት በሰርቨሩ ሜሞሪ ውስጥ መኖር አለበት። በጃቫ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ለዚህ ሦስት ክላሶች አሉ፦ «ትራንስፎርመር ፋክተሪ»፣ «ቴምፕሌትስ» እና «ትራንስፎርመር»። ብዙ ኮድ ላይ የሚታየው አጻጻፍ ከፋክተሪው በቀጥታ ትራንስፎርመር መጠየቅ ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ጥያቄ ስታይልሺቱን ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ኮምፓይል ያስደርጋል። በዚህ ፈንታ ሰርቨሩ ሲነሣ «ኒው ቴምፕሌትስ» የሚለውን ሜተድ አንድ ጊዜ ጠርተው የሚመለሰውን የቴምፕሌትስ ኦብጀክት ያስቀምጡ፤ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ከእርሱ «ኒው ትራንስፎርመር» በሚለው ሜተድ አዲስ ትራንስፎርመር ይፍጠሩ። ይህ ሁለተኛው ጥሪ እጅግ ቀላል ነው።

የቴምፕሌትስ ኦብጀክት በብዙ ትሬዶች (ሰርቨሩ ጎን ለጎን በሚያስኬዳቸው የሥራ ክሮች) በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል ደንቡ ያስገድዳል። ትራንስፎርመር ግን ለአንድ ትሬድ ብቻ ነው፤ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ከተጠቀሙበት የአንዱ ጎብኚ መለኪያ (ለስታይልሺቱ የሚሰጥ ዋጋ) ወደ ሌላው ገጽ ሊሻገር ይችላል። «ትራንስፎርመሩንም ብናቆየው ይፈጥናል» የሚል ሐሳብ ሲመጣ መልሱ አይሆንም ነው፤ ውዱ ሥራ ኮምፓይሉ ስለሆነና እርሱም በቴምፕሌትስ ውስጥ ስላለቀ ከዚያ በላይ የሚተርፍ ነገር የለም። ፋክተሪውም ለብዙ ትሬድ ዋስትና የለውም፤ ስለዚህ ኮምፓይሉን በሰርቨሩ መነሻ ላይ በአንድ ትሬድ ይጨርሱት። እንዲህ ሲያደርጉ ሌላም ጥቅም ያገኛሉ፤ በስታይልሺቱ ውስጥ ስህተት ካለ ሰርቨሩ ገና ሲነሣ ይታወቃል እንጂ ጎብኚው ገጹን እስኪከፍት አይቆይም። ለፋክተሪው የራስዎን «ኤረር ሊስነር» ከሰጡት ደግሞ የስህተቱን ፋይልና መስመር በሎግ ላይ ይመዘግብልዎታል።

ስታይልሺቱን ከኢንፑት ስትሪም ሲያነቡ «ሲስተም አይዲ» የሚባለውን አድራሻ አብረው መስጠት አለብዎት። አድራሻው ከሌለ ፕሮሰሰሩ ፋይሉ ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ በአንጻራዊ አድራሻ «ኢምፖርት» የተደረጉትን ሞጁሎች ማግኘት አይችልም።

በጃቫ ውስጥ የትኛው ፕሮሰሰር እንደሚሠራ የሚወሰነው ደግሞ በክላስፓዝ (ጃቫ ክላሶችን በሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ላይ ባለው ነገር ነው። ለሌላ ጉዳይ የገባ የሳክሰን ጃር ፋይል ነባሪውን ፕሮሰሰር ሳያውቁት ሊተካው ይችላል። ከጃቫ ጋር የሚመጣውን መጠቀም ከፈለጉ ከጃቫ 9 ጀምሮ ያለውን «ኒው ዲፎልት ኢንስታንስ» ይጥሩ፤ ሳክሰንን ከፈለጉም የራሱን ክላስ በስሙ ይጥሩ። ነገሩን ለአጋጣሚ መተው አይገባም።

የሳክሰን የራሱ አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም። «ፕሮሰሰር» የተባለው ኦብጀክት ለመላው ፕሮግራም አንድ ይሆናል፤ ከእርሱ «ኤክስኤስኤልቲ ኮምፓይለር» ይወጣል፤ የኮምፓይሉ ውጤት «ኤክስኤስኤልቲ ኤክሴኪዩተብል» ለሁሉም ትሬዶች በጋራ ያገለግላል። ስታይልሺቱም ሰነዶቹም ከዚያው ከአንዱ ፕሮሰሰር መውጣት አለባቸው፤ ለየጥያቄው አዲስ ፕሮሰሰር የሚፈጥር ኮድ ጊዜ ከማባከኑም በላይ፣ በአንዱ የተገነባን ሰነድ ለሌላው ሲሰጥ በስህተት ይቆማል።

በዲስክ ላይ ማስቀመጥ

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው በሦስት ሁኔታ ነው፦ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣና የሚዘጋ ሲሆን፣ ለውጡ በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ የሚካሄድ ሲሆን፣ ወይም ስታይልሺቱን ለሌላ ተቋም ያለ ምንጩ ማድረስ ሲያስፈልግ ነው።

ለብራውዘር የሚሆነው ሳክሰንጄኤስ ነው። በኖድ ጄኤስ ላይ «ኤክስኤስኤልቲ3» የተባለውን ፓኬጅ ጭነው፣ ስታይልሺቱን በ«ኤክስኤስኤል» አማራጭ፣ የሚወጣውን ፋይል በ«ኤክስፖርት» አማራጭ ያመልክቱ፤ «ኖጎ» የሚለውን ሲጨምሩ ለውጥ ሳያካሂድ ኮምፓይል ብቻ አድርጎ ያቆማል። የሚወጣው ፋይል በጄሰን የተጻፈ ሲሆን ስሙ በ«ሴፍ» ነጥብ «ጄሰን» እንዲያልቅ ማድረግ የተለመደ ነው። ብራውዘሩ ይህን ሲያወርድ ምንጩን የመተንተን ድካም ይቀርለታል፤ ይህም አቅሙ አነስተኛ በሆነ ስልክ ላይ በግልጽ ይታወቃል። በጃቫ በኩል ተመሳሳይ ፋይል ለማውጣት የሚያስፈልገው የሚከፈልበት የሳክሰን ኢንተርፕራይዝ እትም ነው።

ዛላን የተባለው ሌላ የጃቫ ፕሮሰሰር ደግሞ በ«ኤክስኤስኤልቲሲ» ክፍሉ ስታይልሺቱን «ትራንስለት» ወደሚባል የጃቫ ክላስ ይለውጠዋል። ይህ አሠራር የጃቫ ነባሪ ፕሮሰሰር የሆነው ከጃቫ 5 ጀምሮ ነው። «ኮምፓይል» የተባለውን የትዕዛዝ ክላስ ሲጠሩ ክላሶቹ የሚቀመጡበትን ማኅደር፣ የፓኬጁን ስም፣ ከፈለጉም ሁሉንም የሚይዝ ጃር ፋይል እንዲወስኑ ይፈቅድልዎታል። ጃቫ አንድ ሜተድ ከ64 ኪሎባይት ባይትኮድ እንዲበልጥ ስለማይፈቅድ፣ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮችን በአንድ ቴምፕሌት የሚያጭቅ ስታይልሺት እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የብራናውን አካላዊ ሁኔታ፣ ይዘቱን፣ የጸሐፊውን እጅና የባለቤትነት ታሪኩን በየራሳቸው ቴምፕሌት መለየት ይህን ያስቀራል፤ ለማንበብም ይቀላል።

ስታይልሺት ፕሮግራም መሆኑንም አይርሱ። ምንጩን ከማያውቁት ሰው የመጣ ስታይልሺት በሰርቨርዎ ላይ ኮምፓይል አያድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዛላን ኮምፓይለር ውስጥ ተንኮል ያለበት ስታይልሺት የፈለገውን ባይትኮድ እንዲያስገባ የሚያስችል ቀዳዳ ይፋ ሆኖ፣ በ2.7.3 ስሪት ተዘግቷል፤ ከዚያ በፊት ያለ ስሪት ካለዎት ዛሬውኑ ይቀይሩት።

የተቀመጠው ቅጂ ከምንጩ እንዳይለይ

በዲስክ ላይ ካስቀመጡ በኋላ የሚመጣው ዋና አደጋ ምንጩ ተስተካክሎ ኮምፓይል የተደረገው ፋይል አሮጌ ሆኖ መቅረቱ ነው። «ሜክ» የሚባለውን መሣሪያ የሚጠቀሙ የፋይሎቹን ሰዓት አወዳድረው እንደ አዲስ እንዲሠራ ያዙታል። በደንቡ ውስጥ ዋናውን ስታይልሺት ብቻ ከጻፉ ግን «ኢምፖርት» የተደረገው የቀን መቁጠሪያ ሞጁል ሲለወጥ ማንም አያውቀውም፤ ስለዚህ ሞጁሎቹን ሁሉ ይዘርዝሩ።

በሰዓት መተማመንም በእኛ አካባቢ ራሱን የቻለ ችግር አለው። የማዘርቦርዱ ባትሪ የደከመ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት የተስተካከለ ፋይል ከተቀመጠው ቅጂ «የቆየ» ሆኖ ይታያል፤ እንደ አዲስም አይሠራም። እኔ የምመክረው የምንጮቹን ሁሉ የሻ256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) አስልቶ ከኮምፓይሉ ውጤት ጎን በአንዲት ትንሽ ፋይል ማስቀመጥና፣ በሚቀጥለው ጊዜ አሻራው ከተለየ እንደ አዲስ ኮምፓይል ማድረግ ነው። በዚያው ፋይል ውስጥ የፕሮሰሰሩን ስሪት ቁጥር ይጨምሩ፤ ፕሮሰሰሩ ሲቀየርም ቅጂው መታደስ አለበትና። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ ግማሽ ፋይል እንዳይቀር ደግሞ ውጤቱን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፉ፤ ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ ወደ ትክክለኛ ስሙ ይቀይሩት።

በኮምፓይል ጊዜ ምን እንደሚወሰንና በሩጫ ጊዜ ምን እንደሚለወጥም ይለዩ። በኤክስኤስኤልቲ 3.0 «ስታቲክ» ተብሎ የተሰየመ መለኪያና «ዩዝ ዌን» የተባለው አትሪቢዩት የሚሰሉት በኮምፓይል ጊዜ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ዋጋቸውን መለወጥ አይቻልም። የገዳሙን ስም፣ የገጹን ቋንቋ ወይም የምስሎቹን ማኅደር ተራ መለኪያ አድርገው ይተዉአቸው። ስታይልሺቱ በባዶ አድራሻ የ«ዶክዩመንት» ፈንክሽን እየጠራ የራሱን ምንጭ የሚያነብ ከሆነ፣ ለምሳሌ የወራት ስም ሰንጠረዥ በውስጡ ተቀብሮ ካለ፣ ሰንጠረዡን አውጥተው በተለየ ፋይል ያስቀምጡት፤ ኮምፓይል የተደረገው ቅጂ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ምንጩ አብሮት አይሄድም።

ኮምፓይል የማያድነው ስታይልሺት

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማስፈጸሚያው ጊዜ ትልቁን ድርሻ ከያዘ ችግሩ በስታይልሺቱ አጻጻፍ ላይ ነው። በእኛ ካታሎጎች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ሞክሼ ፊደላትን የማስተካከል ሥራ ነው። አንዱ መዝጋቢ «ዓሥራት» ሌላው «አስራት»፣ አንዱ «ፀሎት» ሌላው «ጸሎት» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ፍለጋና ቅደም ተከተል እንዲሰምር ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ ያስፈልጋል። ይህ በ«ትራንስሌት» ፈንክሽን ይሠራል፤ አምስቱ ፊደላት በሰባቱም ድምፅ ሲዘረዘሩ የመጀመሪያው ሕብረ ቁምፊ 35 ፊደል ይይዛል፤ ሁለተኛውም በትክክል 35 መሆን አለበት። አንድ ፊደል ቢጎድለው ከዚያች ቦታ በኋላ ያለው ሁሉ ያለ ተራው ይዛመዳል፤ ተጓዳኝ ያጣው የመጨረሻው ፊደልም ከጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ ይጠፋል፤ ፈንክሽኑ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የለም። በተጨማሪ ሀና ሃ፣ ሐና ሓ፣ ኀና ኃ፣ እንዲሁም አና ዓ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሚሰጡ እነርሱን በአንድ ላይ ማጠቃለል ከፈለጉ ዝርዝሩ በዚያው ልክ ይሰፋል።

ለፍጥነት የሚጎዳው ይህን ስሌት በእያንዳንዱ ንጽጽር ውስጥ መጻፍ ነው፤ አንድ ስም በሌላ ሺህ ስም መካከል ሲፈለግ ሺውም ስም ይስተካከላል። በዚህ ፈንታ «ኪይ» የሚለውን ኤለመንት በመጠቀም የተስተካከለውን ስም ቁልፍ ያድርጉት፤ ፕሮሰሰሩ ማውጫውን ለሰነዱ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ በማውጫው ነው። ማውጫው የሚሠራው ለየሰነዱ ስለሆነ ጥቅሙ የሚታየው በትልቁ የስሞች ዝርዝር ላይ ነው እንጂ በትናንሾቹ መግለጫዎች ላይ አይደለም።

ቅደም ተከተልን በተመለከተ የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ የተደረደሩት በተለመደው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ነው። ስለዚህ የቋንቋ ደንብ የሚጠራ ኮሌሽን ሳያስገቡ በኮድ ነጥብ ብቻ መደርደር ይቻላል፤ ፈጣንም ነው። ሞክሼዎቹ እንዳይለያዩ ግን የሚደረደረው የተስተካከለው ስም ይሁን።

በኤክስፓዝ ውስጥ ድርብ እዝባር መላውን ሰነድ ከላይ እስከ ታች ያስፈትሻል፤ የኤለመንቱ ቦታ የሚታወቅ ከሆነ መንገዱን በሙሉ ይጻፉ። የቦታ ስሞች ዝርዝርን የመሰለ የጋራ ፋይል ደግሞ በ«ዶክ» ወይም በ«ዶክዩመንት» ሲጠራ ለእያንዳንዱ ለውጥ እንደ አዲስ ይነበባል፤ ስታይልሺቱ አንድ ጊዜ ኮምፓይል መደረጉ ይህን አያስቀርም። በሳክሰን ፋይሉን ሰርቨሩ ሲነሣ አንብበው ዛፉን በመለኪያነት ያሳልፉ፤ ወይም ስታይልሺቱን በየፋይሉ ከማስኬድ ይልቅ በአንድ ሩጫ ውስጥ በ«ኮሌክሽን» ሰነዶቹን ሁሉ እየጠሩ በ«ሪዘልት ዶክዩመንት» የየራሳቸውን ገጽ ይጻፉ። ሁለተኛው አሠራር ቀላል ቢሆንም የተነበቡት ሰነዶች በሜሞሪ ውስጥ ስለሚከማቹ፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒውተር ላይ ካታሎጉን በየገዳሙ ከፋፍሎ ማስኬድ ይሻላል።

ውጤቱ አለመለወጡን ማረጋገጥ

ማናቸውንም እርምጃ ከመውሰድዎ በፊት በአሮጌው አሠራር የወጡትን ገጾች በተለየ ማኅደር ያስቀምጡ። ከለውጡ በኋላ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በ«ዲፍ» ያወዳድሩ፤ ውጤቱ ኤክስኤምኤል ከሆነ የአትሪቢዩት ቅደም ተከተልና የጥቅስ ምልክት ልዩነት እንዳያሳስትዎት ሁለቱንም አስቀድመው በኤክስኤምኤልሊንት ወደ ቀኖናዊ ቅርጽ ይለውጧቸው። ለማወዳደሪያ የሚመርጧቸው መግለጫዎች ሞክሼ ፊደል ያለበት ርእስ፣ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ዓመተ ምሕረት፣ ባዶ የተተወ መስክና ከአንድ በላይ ጸሐፊ ያለው ብራና እንዲያካትቱ ያድርጉ። ልዩነት ከተገኘ ፍጥነቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትተው ምክንያቱን እስኪያገኙ ድረስ አዲሶቹን ገጾች ወደ ሰርቨሩ አያውጡ።